ቁራኛና ጥላ

ጥይቱ ሲጮህ ሠርከአዲስ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። እንዝርቱ ከእጇ አመለጠ። ዘወር ስትል ታላቅ ወንድሟ ደምመላሽ ከተኛበት ተነሥቶ በጉልበቱ ቆሟል። ጭስ የሚተፋ ውጅግራ ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ደግኖ «መጡ! ጦር ይዘው መጡብን!» እያለ ይጮኻል። ከውጭ የመለሰለት የለም። አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ ብቻ ሰማች።

ሮጣ ወጣች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት አባቷ የሃምሳ አለቃ ተሰማ በጀርባቸው ተዘርረዋል። ከአውድማ ሲመለሱ ነበር፤ ገብስ ሲያዘሩበት የዋሉት መንሽ ከትከሻቸው ወድቆ ከጎናቸው ተጋድሟል፤ ገለባው ከጢማቸው ላይ ገና አልረገፈም። ጥይቱ ደረታቸውን በስቶ ወጥቷል። «አባዬ!» ብላ ራሳቸውን ወደ ጭኗ ሳበች። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ በቃል ፈንታ ደም መጣ። ቀሚሷ ሞቀ፤ እሳቸው ግን በእጇ ላይ ቀዘቀዙ።

ይህ ሁሉ የመጣው በሁለት የቀርከሃ ፍርግርግ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እስቲ ታገሡኝ። ችኩል አንባቢ ፍቅር አይገባውም።

ዘመኑ የሸዋ ጦር ባሌን ከያዘ ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈበት ነው። የሃምሳ አለቃ ተሰማ ከሮቤ ሜዳ ወደ ሲናና በሚወስደው በኩል መሬት ተመሩ፣ ገባር ተሰጣቸው፣ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። ከገባሮቹ አንዱ ገልቹ ነው። ቤቱ የቆመበት መሬት የገልቹ አባት ገብስ ይዘሩበት የነበረው ነው፤ እሳቸውም ጦሩ በገባበት ዓመት በጥይት ወድቀዋል። ይህን ሠርከአዲስ ታውቃለች፤ ገልቹም ያውቃል። አንድም ቀን ግን ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ገልቹ ከሐረና ጫካ ቀርከሃ አምጥቶ እየሰነጠቀ የሚሠራ ሰው ነበር። ጌጥ አያውቅም። አበባ የለ፣ ወፍ የለ፤ ቀጥ ያለ ስንጥር ከቀጥ ያለ ስንጥር ጎን፣ በመካከላቸው የስንጥሩን ያህል ክፍተት፣ አለቀ። የእልፍኙን መስኮት እንዲከልል ታዘዘና አንድ ፍርግርግ ሠርቶ ገጠመ። በማግሥቱ ማንም ሳያዘው ሁለተኛ አምጥቶ ከመጀመሪያው ፊት በጠፍር አንጠለጠለ።

«አንዱ አይበቃም ነበር? ሁለተኛው ለምንድን ነው?» አለችው ሠርከአዲስ ከውስጥ ሆና።

«አንዱ ለቤቱ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ሁለተኛው ላንቺ ነው።»

ነገሩ የገባት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በነጭ አፈር የተለቀለቀው ግድግዳ ላይ ብርሃንና ጥላ ተራ በተራ ተሰለፉ። ነፋስ መጥቶ የውጭውን ፍርግርግ ጣት ታህል ሲያወዛውዘው ግድግዳው በሙሉ ተነሣ፤ ሰፋፊ ጥቁር መስመር ነፋስ እንደነካው የገብስ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። ቀርከሃው ያለው እዚያው ነው፤ የሚሮጠው ጥላው ነው። ሠርከአዲስ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ገልቹ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ በመስኮቱ ፊት አለፈ። አንዱ ሰው ግድግዳው ላይ አሥር ቀጫጭን ሰው ሆኖ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እየተወለደ፣ እልፍኟን አቋርጦ ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያች ሰዓት መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች። የገልቹ ጥላ በእጇ ላይ ያልፋል። የነፍጠኛ ልጅ የገባር እጅ ብትይዝ አገር ይፈርሳል። ጥላን ግን ማን ዳኛ ይከሰዋል? እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ በዚያ መስኮት ፊት ሲደርስ እርምጃው ይዘገይ ነበር። ይኸው ነው ፍቅራቸው፤ ተነካክተው እንኳ አያውቁም።

የመከራው ቀን ደምመላሽ ከዘመቻ ተመለሰ። ብድሬ በሚባል አገር ጓዶቹ በጦር ተወግተው ሲያልቁ እሱ ከሬሳ መካከል ተጋድሞ ነው የተረፈው። ዓይኑ አልከደን ብሎት ነበር። «እልፍኝሽ ጸጥ ያለ ነው፣ እዚያ ልጋደም» አላት። ጠመንጃውን እንዳቀፈ እንቅልፍ ወሰደው። ሲባንን ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ግድግዳው ላይ አሥር ሰው አሥር ጦር አንግቶ ይራመዳል። ዞሮ በፍርግርጉ መካከል ወደ ብርሃኑ ተኮሰ።

ደምመላሽ ወጥቶ አባቱን ሲያይ አልጮኸም። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ መሬት ዘቀዘቀ።  ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ፍርግርጉ ላይ ጥይቱ የበሳው ቀዳዳ አለ። ገልቹ በሬዎቹን ጥሎ እየሮጠ ሲደርስ ከዚያ ቀዳዳ ጋር አያይዞ አየው፤ ፍርግርጉ የገልቹ ሥራ ነው።

«አንተ ነህ!» አለ። «ድግምትህ ነው! የሌለ ሠራዊት ያሳየኸኝ አንተ ነህ!»

በሰደፍ አፉን መታው። ገልቹ ወደቀ፤ ጥርሱ ከደሙ ጋር ወጣ። ሲነሣ ደገመው። የጎረቤት ወታደሮች ተኩሱን ሰምተው ሲደርሱ ከምሰሶ ጋር አስረው በአለንጋ ተረባረቡበት፤ ሸማው ከቆዳው ጋር ተያይዞ ተነሣ።  

«ወንድም ጋሼ፣ ተው!» አለች ሠርከአዲስ እጁ ላይ ተንጠልጥላ። «ጥላ ነው ያየኸው! የአባዬን ጥላ ነው! በየቀኑ እኔም...»

በጥፊ መሬት ላይ ጣላት። «ባንቺም ላይ ድግምቱን አዙሮብሻል!»

ልንገራችሁ፣ ደምመላሽ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱን በእጁ የገደለ ሰው ግን ከእውነትና ከድግምት ምረጥ ቢሉት ድግምትን ይመርጣል። እሷም ይህን ስላወቀች፣ ጉንጯን ይዛ ከተቀመጠችበት መሬት ለወንድሟም ለዚያ ለታሰረው ሰውም እኩል አለቀሰች።

በማግሥቱ ጧት የሃምሳ አለቃ ተሰማ ተቀበሩ። ለቀስተኛው ከመቃብሩ ገና ሳይበተን ከአጠገቡ ካለ ዝግባ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ ተጣለ። ገልቹን እየጎተቱ አመጡት። ጎባ ያለውን ዳኛ የጠራ የለም፤ ለአንድ ገባር ማን ዳኛ ያስቸግራል?

ሠርከአዲስ ነጠላዋን አሸርጣ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«የዚህ ደም ባለቤት ማን ነው?» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ዞረ። ኃይለየሱስ የሚባሉ፣ ከአባቷ ጋር ከሸዋ የመጡ ሽማግሌ ወታደር ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ልጆቹ ናችኋ፣ የኔ ልጅ» አሏት።

«ወንድሜ ጥይቱ ከእጁ የወጣ ነው። በዚህ ነገር ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ከሳሽ አይሆንም። እንግዲህ የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ።» ጣቷን ወደ ገልቹ ቀሰረች።  «ይህን ሰው በአባቴ ደም ከስሼዋለሁ! እንደ ሕጉ በቁራኛ አስራችሁ ዳኛ ፊት አድርሱን!»

ቁራኛ ያኔ ዋዛ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አንዱ ካለ ሌላው አይሄድም፣ አይቀመጥም። የታሰረውን መግደል ሕግን መግደል ነው። ደምመላሽ «ሴት ልጅ በቁራኛ?» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ሽማግሌው አዩት። «ዳኛ ትፈራለህ እንዴ፣ ልጄ?» ሲሉት ለቀጥቃጩ መንገድ ለቀቀ።

ገልቹ ያበጠ ፊቱን ቀና አደረገ። ገመዱን ሲያይ ያልተለወጠ ፊት አሁን ተለወጠ።

«ማፍ?» አላት። ለምን?

ሌላ ቃል አልጨመረም። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ኦሮምኛ ይሰማል፤ ሠርከአዲስ ልትመልስለት አትችልም። ቀጥቃጩ ብረቱን በግራ እጇና በቀኝ እጁ ላይ ሲቀጠቅጥ እያንዳንዱ ምት ልቧ ላይ ያርፍ ነበር። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዳቸው ተነካካ። እሱ ግን ክንዱን ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ድረስ ከክንዷ አራቀው።

ደምመላሽ ሁለቱን ፍርግርጎች ለድግምቱ ማስረጃ ብሎ በበቅሎ አስጫነ። ሠርከአዲስ ምንም ሳትናገር የአባቷን መንሽ ጨመረችበት። ከሁለት ወታደሮች ጋር ወደ ጎባ መንገድ ገቡ።

የረፋድ ፀሐይ ከግራቸው ነበረች። ጥላቸው በቀኝ በኩል በታጨደው ማሳ ላይ አብሯቸው ይሄዳል። ገልቹ አንገቱን ደፍቶ ጥላውን እያየ ይራመዳል። ሠርከአዲስ ይህን ስታይ አንድ ነገር መጣላት። ነፃ እጇን ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ አነሣችና የእጇን ጥላ በገልቹ ጥላ ደረት ላይ አሳረፈች። እዚያው አቆየችው። ወታደሮቹ ሰውን እንጂ ጥላን አይጠብቁም።

ገልቹ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ እርምጃው ዘገየ፤ ልክ በመስኮቷ ፊት እንደሚዘገየው። ግድግዳው ላይ ታሳርፈው የነበረው እጅ ይኸው እንደሆነ፣ ሰንሰለቱም ከገመዱ እንዲያድነው የተበጀለት ጋሻ እንደሆነ አሁን አወቀ። አላያትም። ያራቀውን ክንዱን ግን መለሰ።

«ሂን ሶዳቲን» አለ በሹክሹክታ። እንዳትፈሪ ማለቱ ነው። ይህን የሚለው ጀርባው የተተለተለው ሰው ነው! ሠርከአዲስ ሳቅና እንባ ባንድ ላይ አነቃት።

ሻያ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ደምመላሽ ወታደሮቹን «በቅሎዋን ይዛችሁ ቅደሙ» ብሎ አሻገራቸው። ገልቹ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ እንደገባ በጠመንጃው ሰደፍ ማጅራቱን መታው። ሰውየው በግንባሩ ተደፋ። ደምመላሽ ጀርባው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ታች ያዘ።

«ውሃ ወሰደው እላለሁ! ከሕግ ጋር አልጣላም፣ ውሃ ወሰደው!»

ሰንሰለቱ ሠርከአዲስን ጎትቶ ጣላት። ውሃው ከራሷ በላይ ሆነ። መነሣት ትችል ነበር፤ አልተነሣችም። የገልቹን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ወንዙ ሥር ካለው ድንጋይ ጋር ተጣበቀች። ጆሮዋ ጮኸ፣ ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ። ደምመላሽ ነጠላዋ ከውሃው በላይ ሲንሳፈፍ አየ፤ እሷን ግን አላያትም።

«ሠርኬ!» ብሎ ጮኸ። «ተነሺ! ሠርኬ፣ ተነሺ!»

ገልቹን ለቀቀ። ሁለቱንም በሰንሰለቱ ጎትቶ ዳር አወጣቸው። ውሃና ደም እያስመለሱ ድንጋዩ ላይ ተጋደሙ። ደምመላሽ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፊቷን በመዳፉ ይጠርግላታል።

«ትናንት አባታችንን፣ ዛሬ እኔን» አለችው ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ከዚህ ወዲያ ማን ቀረህ፣ ወንድም ጋሼ?»

ደምመላሽ ፊቷን ለቆ ተነሣ። እስከ ጎባ ድረስ ከኋላቸው ራቅ ብሎ እንደ እንግዳ ውሻ ተከተላቸው።

ጎባ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ዳኛው ፊታውራሪ ገብረ ሥላሴ አዳራሻቸው ገና እየተሠራ ስለነበር ችሎት የሚያስችሉት ነጭ ድንኳን ውስጥ ነው። እንደ ደንቡ ጠመንጃ ከደጅ ቀረ፤ ጎራዴ ግን ከወገብ አይወርድም። ደምመላሽ የዘመቻውን፣ የእልፍኙን፣ የጦረኞቹን ነገር ተናገረ። «ይህ ሰው የሌለ ሠራዊት አሳይቶ አባቴን አስገደለኝ» ብሎ ጨረሰ።

«ከሳሿ አንቺ ነሽ» አሉ ፊታውራሪ። «ምን ትያለሽ?»

«ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ይፈቀድልኝ፣ ጌታዬ። እርስዎና ወንድሜ ከድንኳኑ ውስጥ ይሁኑ። የሚያዩትን አይተው ይፍረዱ።»

ከድንኳኑ በምዕራብ በኩል ሁለት እንጨት አስተከለችና ፍርግርጎቹን አንዱን ከአንዱ ፊት አንጠለጠለች። ገልቹ የሃምሳ አለቃ ተሰማን መንሽ በግራ ትከሻው አነገተ። ከውስጥ ያለው ወንድሟ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከሠርከአዲስ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ተራመደች። በፀሐይዋና በፍርግርጉ መካከል በቁራኛ እንደታሰሩ ሁለቱ ቀስ ብለው አለፉ። ነፋሱ መጣ።

ከድንኳኑ ውስጥ ግርግር ተነሣ። በርጩማ ተገለበጠ። «ያዝ!» የሚል የፊታውራሪ ድምፅ ወጣ፤ በላዩ የደምመላሽ ጩኸት ቀደመው። «መጡ! ይኸው! መጡ!»

ጎራዴ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ቀርከሃው ተፈረካከሰ፤ ስንጥሩ እንደ በረዶ ዘነበ። ገልቹ ሠርከአዲስን በደረቱ ከልሎ መንሹን ወደ ላይ ሲመክት ጎራዴው እጀታውን ለሁለት ቆርጦ ትከሻው ላይ ገባ። ደሙ በፊቷ ላይ ተረጨ። ደምመላሽ ለሁለተኛው ምት ጎራዴውን አነሣ።

አልወረደም። በተቀደደው ሸራ መካከል ቆሞ ሠራዊቱን ፈለገ። በስተግራ አየ፤ ሜዳ ነው። በስተቀኝ አየ፤ በቅሎ ነው። ከፊቱ ያለው ከወንዝ ያወጣት እህቱና አንድ የቆሰለ ሰው ብቻ ነው። ከእግሩ ሥር የአባቱ መንሽ ተሰብሮ ወድቋል።

«ሌሎቹስ?» አላት በልጅነቱ ድምፅ። «ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«ሌላ ሰው አልነበረም፣ ወንድም ጋሼ። ያን ቀንም አልነበረም።»

ጎራዴው ከእጁ ወደቀ። የተሰበረውን መንሽ አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈና መሬት ላይ ተቀመጠ። ከትናንት ጀምሮ ያላለቀሰውን አሁን አለቀሰ።

ፊታውራሪ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «እኔም ራሴ ጎራዴዬን መዝዤ ነበር» አሉ። «እግዚአብሔር ይይላችሁ። እንግዲህ አንቺ የደም ባለቤት፣ ቃልሽን ስጪ። አባትሽን የገደለው ማን ነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ጌታዬ። ሳያውቅ ነው። ደሙ የኔ ነው፤ ምሬዋለሁ።»

«አትማሪኝ!» አለ ደምመላሽ ከመሬት። «በመድኃኔ ዓለም፣ ሠርኬ፣ አትማሪኝ!»

«ምሬሃለሁ» አለችው። ምሕረት ከጥይት የሚከብድበት ሰው እንዳለ ያን ዕለት አየች።

ፊታውራሪ ወደ ገልቹ ዞሩ። አንድ ወታደር ትከሻውን በሸማ አስሮለታል። «አንተ በሐሰት ተገርፈሃል። የምትለው ካለ ተናገር።»

 ገልቹ በተሰበረ ጥርሱ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ የዚህች ልጅ አባት ሲሞቱ ሰው ታሰረ፣ ዳኛ ተሰየመ። የኔ አባት በጥይት ሲወድቅ የደሙ ባለቤት እኔ ነበርሁ። በቁራኛ አብሮኝ የሚታሰር ሰው ግን አጣሁ። እስከ ዛሬ እጄ ባዶውን ነው።»

 ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፊታውራሪ የዝንብ ጭራቸውን አነሡ፣ አስቀመጡ፣ መልሰው አነሡ። «ያ የዘመቻ ነገር ነው» አሉ በመጨረሻ ዓይናቸውን አሽሽተው። «ቀጥቃጭ! ፍታቸው።»

ብረቱ ተሰብሮ ወደቀ። የገልቹ እጅ ነፃ ወጣ። የሠርከአዲስም ነፃ ወጣ፤ በድንገት ቀለላትና ደነገጠች። ይህ እጅ ከዚህ በኋላ ወደ ቤቷ፣ ወደ ባዶው መስኮት፣ ነገ ወደሚያጩላት ባል ይሄዳል። የሱ እጅ ደግሞ ወደ ገባርነቱ። ጎንበስ ብላ ሰንሰለቱን ከመሬት አነሣች።

«ጌታዬ» አለች። ጣቶቿ ሰንሰለቱን አጥብቀው ይዘዋል። «እኔ የዘመቻው ልጅ ነኝ። ያደግሁበት ቤት የቆመው በአባቱ ማሳ ላይ ነው። በአባቱ ደም የሚታሰርለት ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። እሰሩኝ።»

ደምመላሽ ቀና አለ።  ቀጥቃጩ መዶሻውን እንደያዘ አንዴ ፊታውራሪን፣ አንዴ እሷን ያያል።

ገልቹ ወደ እሷ መጣ። ሰንሰለቱን ከእጇ ተቀበለና ከተሰባበረው ቀርከሃ ላይ ጣለው። ከዚያ አገር ሁሉ እያየ፣ ደም የነካውን ቀኝ እጁን ዘረጋላት።

ያዘችው።